ጆሹዋ ቼምበርሊን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቼምበርሊን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ጦር መኮንን፣ በኋላም የሜይን ግዛት አገረ ገዥ ነበር። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

«ከጥንትም ወታደር ነበር»
አልነበረም፤ በቦውዲን ኮሌጅ የንግግር ጥበብና ቋንቋ ያስተምር ነበር። በ1862 አውሮፓ ሄዶ እንዲማር ፈቃድ ቢሰጠውም መዝመትን መረጠ። የ20ኛው የሜይን ሬጅመንት (የእግረኛ ጦር ክፍል) ምክትል አዛዥ ሆኖ ውትድርናን የተማረው ከዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ምሩቁ ኮሎኔል አደልበርት ኤምስ ነው።

«ጌቲስበርግ ላይ ሊትል ራውንድ ቶፕን ብቻውን አዳነ»
ሊትል ራውንድ ቶፕ በጌቲስበርግ ጦርነት የሰሜኑ ጦር የተከላከለው ኮረብታ ነው። ቼምበርሊን ጁላይ 2 ቀን 1863 ወደ 386 ሰው ይዞ የቆመው በመስመሩ የግራ ጫፍ ነው። የደቡቡ ጦር የአላባማ ወታደሮች በጎን ሲዞሩበት ግራ ክንፉን ወደ ኋላ አጥፎ መስመሩን እንደ ክርን አጎበጠው። ለእያንዳንዱ ወታደር የታደለው 60 ጥይት ሊያልቅ ሲል ሳንጃ አስወድሮ ቁልቁል አስወረደ። ከድንጋይ ካብ ጀርባ አድፍጦ የነበረው የሻምበል ሞሪል ሻምበል ጦር ባይተኩስ ኖሮ ግን ነገሩ እንዲያ አይቀናም ነበር። የቀኙ ጫፍ ደግሞ ተሰብሮ ነበር፤ ያቆመው 140ኛው የኒው ዮርክ ሬጅመንት ነው፣ አዛዡ ኦሮርክም እዚያው ወደቀ። የቼምበርሊን የበላይ የነበረው የብርጌዱ አዛዥ ቪንሰንትም በዚያው ውጊያ ቆስሎ ሞተ። ሙታን ስለራሳቸው አይጽፉም፤ ቼምበርሊን ኖሮ ጻፈ። የጀግንነት ሜዳዩ የደረሰው በ1893 ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ።

«ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠው ለእሱ ነው»
የደቡቡ ጦር መሪ ሊ እጁን ለሰሜኑ ጦር አዛዥ ለግራንት የሰጠው ኤፕሪል 9 ቀን 1865 ነው። ቼምበርሊን ከሦስት ቀን በኋላ የደቡቡ እግረኛ ጦር መሣሪያና ባንዲራ ሲያስረክብ ሥነ ሥርዓቱን መራ። ሊ እዚያ አልነበረም።

«ቁስሉ ድኖለት በሰላም አረጀ»
በጁን 1864 ፒተርስበርግ ላይ ጥይት ከቀኝ ዳሌው ገብቶ እስከ ግራው ዘልቆ የሽንት ቧንቧውን ጎዳ። ይሞታል ተብሎ ግራንት ብርጋዴር ጄኔራልነት ሰጠው፤ ጋዜጦችም ሞቱን አወጁ። ቁስሉ ግን ፊስቱላ (የማይደፈን ቀዳዳ) ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ሲያመረቅዝ ኖረ፤ በ1914፣ በ85 ዓመቱ የሞተውም በዚሁ ጠንቅ ነው።

«አንዴ ተመርጦ አራት ዓመት ገዛ»
በጊዜው በሜይን የአገረ ገዥ ዘመን አንድ ዓመት ነበር። ስለዚህ ከ1867 እስከ 1871 የገዛው አራት ጊዜ ተመርጦ ነው።

«በ1880 በጦር ኃይል ሥልጣን ያዘ»
እዚህ ላይ የሚባለው ከእውነቱ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። በ1879ኙ የአገረ ገዥ ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ዕጩ አልነበረም። ተሰናባቹ አገረ ገዥ ጋርስሎን በጽሕፈት ስሕተት ሰበብ የሪፐብሊካን ተመራጮችን ውጤት ሰረዘ፤ የታጠቁ ሰዎችም በግዛቱ ዋና ከተማ በኦገስታ ያለውን ምክር ቤት ሞሉት። የሚሊሻው አዛዥ ቼምበርሊን ነበር፤ ሆኖም ሚሊሻውን አልጠራም። የታጠቁትን አስወጥቶ ጥበቃውን ለከተማው ፖሊስ ሰጠ፤ የራሱ ፓርቲ ሪፐብሊካንም ሆነ ተቃዋሚው እንዲያዳላ ቢወተውቱት የግዛቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጠበቀ። ከ12 ቀን በኋላ ፍርድ ቤቱ ከሁለቱ ተፎካካሪ ምክር ቤቶች የሪፐብሊካኑን ሕጋዊ ሲል በአደራ የያዘውን ኃላፊነት አስረክቦ ወጣ። ከሁለቱም ወገን ጠላት አፈራ፤ የተመኘውን የሴኔት ወንበርም ሳያገኝ ቀረ።