«ወድቄ አላውቅም»፦ ስለ አረጋውያን አወዳደቅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐኪሙ «ባለፈው አንድ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ ብዙ ነገር ይወስናል። የዓይን ምርመራው፣ መድኃኒቱን መልሶ ማየቱ፣ ሚዛን የሚያጠናክረው እንቅስቃሴ የሚታዘዘው በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለ መልሱ ግን ብዙዎቻችን የተሳሳተ ግምት አለን።

«መውደቁን ማን ይረሳል?»

ብዙ ሰው ይረሳል። በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 304 ሰዎችን ለ12 ወር ተከታትሏል። መውደቃቸው በጊዜው ከተረጋገጠው ውስጥ ከ13 እስከ 32 በመቶዎቹ በኋላ ሲጠየቁ አላስታወሱትም። መጠኑ የሚለያየው ስላለፈው 3፣ 6 ወይም 12 ወር እንደመጠየቃቸው ነው። የማስታወስና የማሰብ ፈተና ላይ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ደግሞ ይበልጥ ረስተዋል።

«የቅርቡን ብጠይቃቸው ይሻላል»

እዚያው ጥናት ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ያለፈው 12 ወር ከ3 እና ከ6 ወሩ በተሻለ ታውሷል። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መቼ እንደወደቀ ነው። ስለዚህ «ባለፉት ሦስት ወራት» ከማለት «ከፋሲካ ወዲህ» ብሎ መጠየቅ ይቀላል።

«ሽማግሌ ያጋንናል»

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ በክትትል ወቅት ካልወደቁት ከ91 እስከ 95 በመቶዎቹ ዓመቱ ሲያልቅ በትክክል «አልወደቅኩም» ብለዋል። ከወደቁት ግን «ወድቄያለሁ» ያሉት ከ80 እስከ 89 በመቶ ናቸው። ስህተቱ የሚያደላው ወደ ማሳነስ ነው። «ወድቄያለሁ» ካሉ እመኗቸው፤ «አልወደቅኩም» ካሉ ግን ሌላም ጠይቁ።

«ካልተጎዱ መውደቅ አይባልም»

እናታችን እርጥብ ሊሾ ላይ አዳልጧት ቁጭ ትላለች። ቀሚሷን አራግፋ ትነሳና ወደ ቡናዋ ትመለሳለች። ማታ ስትጠየቅ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» ትላለች። ለእሷ መውደቅ ማለት መሰበር ነው። ለባለሙያዎቹ ግን ሰው ሳያስበው መሬት ወይም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ካረፈ ወድቋል። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ዘርዝሩት፦ «እማዬ፣ አዳልጦሽ ወይም ተደናቅፈሽ መሬት ላይ ያረፍሽበት ጊዜ አለ?»

«ከወደቁማ ለሐኪሙ ይናገራሉ»

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው ከወደቁት አረጋውያን ለሐኪማቸው የሚናገሩት ከግማሽ በታች ናቸው። ፍርሃት አለ። «ከእንግዲህ ብቻሽን ቤተ ክርስቲያን አትሄጂም» መባልን ማን ይፈልጋል? ውጭ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው ልጅ ነው። ልጇን ላለማስጨነቅ ዝም የምትል እናት ጥቂት አይደለችም። በዚህ ጊዜ ሌላ አስተርጓሚ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ምን እንደጣላቸው ራሳቸው ያውቃሉ»

ሁልጊዜ አይደለም። ለአፍታ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ራሱን መሳቱን ላያስታውስ ይችላል። «ምንጣፉ ጣለኝ» ሲል ከልቡ ነው፤ ምክንያቱ ግን ልቡ ወይም የደም ግፊቱ ሊሆን ይችላል። ያየ ሰው ካለ ያየውን ለሐኪሙ ይንገር።

በመውደቅ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በትዝታ ብቻ አይተማመኑም። አረጋውያኑ በየቀኑ ካላንደር ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ በየወሩ ይሰበሰባል። ቤት ውስጥም ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ይበቃል፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ምን እየሠሩ እንደነበር። ቀጠሮ ሲደርስ ይዞ መሄድ ነው።