ስለ አሽንዳ የሚባለውና እውነታው

አሽንዳ በተፈጥሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል የደጋ አበባ ነው። አበልቢላ ወይም የዝንጀሮ አገዳ የሚሉትም አሉ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ጅረት ዳርና እርጥብ መስክ ላይ ቀይና ቢጫ ሆኖ እንደ ችቦ ቆሞ ይታያል። ጓሮዬ ልትከለው ያለ ሰው ግን መካሪ አያጣም። የምክሩ ግማሹ ስህተት ነው።

«ረግረግ ይወዳል፣ ውሃ ውስጥ ይኑር።» ብዙ አሽንዳ የሚሞተው በዚህ ነው። እርጥበት ይወዳል፣ እውነት ነው። ወፍራም ሥሩ ግን ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ዱር በሚበቅልበት ተዳፋት ላይ ውሃው ያልፋል እንጂ አይቆምም። የኛ ጥቁር አፈር ደግሞ ነሐሴ ላይ ጭቃ፣ ጥር ላይ ስንጥቅ ነው። መፍትሔው እዚሁ አገር አለ። እዚያው ሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ስንዴያቸውን ከውሃ ለማዳን አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብ ከነቦዩ ይሠራሉ። ለአሽንዳም ያንኑ አድርጉለት። የቅጠሉን መነሻ አትቅበሩት። በጋ ላይ አልፎ አልፎ ማጠጣት ይበቃል።

«ውርጭ ይገድለዋል።» ኧረ ምን በወጣው! እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ የሚበቅል ተክል ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የቅጠሉ ጫፍ ቢቃጠል አትደንግጡ። ላስቲክም አታልብሱት።

«ከጓሳ ነቅሎ ማምጣት ነው።» ይሄኛው ያናድደኛል። የመንዝ ጓሳ ሕዝቡ የራሱን ደንብ አውጥቶ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው ቦታ ነው። ደግሞስ ምን አስነቀላችሁ? ዘሩ ይበቅላል፤ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ቢፈጅም። የተከለ ጎረቤት ካለ ደግሞ ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቡቃያ ከነሥሩ ገንጥሎ ይስጣችሁ።

«ከብት እንኳ የማይበላው፣ ምን ይጠቅማል?» አጥር ለሌለው ጓሮ ይሄ ራሱ ጥቅም ነው። አበባው ወለላ ሞልቶበታል፤ ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች አይጠፉበትም። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮዎች ሲልሱት ታይተዋል፤ አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ያዳርሳል። አፍንጫቸው በአበባ ብናኝ ቢጫ ሆኖ ስለሚወጣ ተመራማሪዎች ብናኙን ከአበባ አበባ ሳያደርሱ አይቀሩም ይላሉ። ጓሮአችሁ ቀበሮ ይመጣል አላልኩም። ወፉ ግን ይመጣል።

«ከታች ጠውልጓል፣ ቁረጠው።» ቆይ! አሽንዳ የሚፈካው ከታች ወደ ላይ ነው። ታችኛው ሲጠወልግ ላይኛው ገና እንቡጥ ነው። ዘር ከፈለጋችሁ ደግሞ አገዳው እስኪደርቅ ተዉት።