«ማሱክ መላዩ» ምንድን ነው?

«ማሱክ መላዩ» የማላይኛ ሐረግ ሲሆን ትርጉሙ «ወደ ማላይነት መግባት» ነው፤ ማላይ የማሌዥያ ትልቁ ብሔር ነው። በማሌዥያ የቻይና ተወላጅ የሆነ ሰው ሲሰልም ሃይማኖቱን ብቻ ሳይሆን ብሔሩንም እንደለወጠ አድርጎ የመቁጠር ልማድ በዚህ ሐረግ ይገለጻል።

በአገሪቱ ማላይነትና እስልምና እጅግ የተቆራኙ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 160 ማላይ የሚባለው ሰው እስልምናን የሚከተል፣ ማላይኛን አዘውትሮ የሚናገርና የማላይን ባህል የሚጠብቅ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ የትውልድ ወይም የመኖሪያ መስፈርትም ይጨምራል። ስለዚህ መስለም ብቻውን ማንንም ማላይ አያደርግም። ሆኖም ቤተሰቡ «ልጃችንን አጣን» ብሎ ሲያዝን፣ ማላዩ ጎረቤት ደግሞ የሰለመው ሰው አለባበሱንም አኗኗሩንም እንዲለውጥ ይጠብቅበታል፤ በእኔ እምነት ሁለቱም የሚሳሳቱት ሃይማኖትን ከብሔር ባለመለየታቸው ነው።

ስህተቱ ጎልቶ የሚታየው በስም ጉዳይ ነው። ብዙ ሰላሚዎች ለረጅም ጊዜ የዓረብኛ ስም እየወሰዱ «ቢን አብዱላህ» የሚል ይጨምሩበት ነበር። በቻይናውያን ዘንድ ግን የቤተሰብ ስም ከግል ስም ቀድሞ የሚጠራና ከአባት ወደ ልጅ በአደራ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ እርሱን መተው ለወላጆች አባትን ከመካድ አይለይም። እስልምና ይህን አይጠይቅም፤ እንዲያውም ቁርኣን (33፥5) የማደጎ ልጆች እንኳ በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዝዛል። ዛሬ «ታን» ወይም «ሊም» የሚለውን የቤተሰብ ስማቸውን ከሙስሊም ስማቸው ጋር ይዘው የሚኖሩ አሉ።

ሥጋ ገበታን እንዴት እንደሚለይ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የአሳማ ሥጋና ስብ በቻይናውያን ወጥ ቤት የተለመደ ስለሆነ፣ ዘመድ ሁሉ በሚሰበሰብበት የዘመን መለወጫ ዋዜማ እራት የሰለመው ልጅ ከምግቡ ብቻ ሳይሆን ከድስቱም ይጠነቀቃል። በመቃብር መጎብኛው በዓል በቺንግሚንግም ዕጣን አጭሶ ለሙታን መስገድ አይችልም፤ መቃብሩን ከዘመዶቹ ጋር ማጽዳት ግን ይችላል።

አዲስ ሰላሚዎችን የሚረዳውን ፐርኪም የተባለ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 የመሠረቱት የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቱንኩ አብዱል ራህማን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ቻይናውያን ሙስሊሞች ማክማ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ብዙኃኑ ነዋሪ ማላይ በሆነበት በኬላንታን ግዛት፣ በራንታው ፓንጃንግ ከተማ፣ በቻይና የሕንፃ ጥበብ የተሠራና ሕዝቡ «የቤይጂንግ መስጊድ» የሚለው መስጊድ ቆሟል።