አተንቦሮ የሚባሉ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው? ስለ አንድ ብርቅ የእንግሊዝ ስም የሚባለውና እውነታው

ሰር ዴቪድ አተንቦሮን በቴሌቪዥን ያላየ ጥቂት ነው። ከጎሪላዎች መሀል ጋደም ብለው በሹክሹክታ የሚተርኩት እንግሊዛዊ ናቸው። ሰውዬውን ዓለም ያውቃቸዋል፤ ስማቸው ግን በገዛ አገራቸው ብርቅ ነው። ስሚዝና ጆንስ በየመንገዱ ሞልተዋል። አተንቦሮ የሚባል ጎረቤት ያለው እንግሊዛዊ ግን ብዙ አይደለም።

ብርቅ ስም ደግሞ ወሬ ይበዛበታል። መኳንንት ናቸው ይባላል፣ የለንደን ሰዎች ናቸው ይባላል፣ ሁሉም የአንድ ሰው ልጆች ናቸው ይባላል። ከእነዚህ አንዱ ወደ እውነት ይጠጋል፤ ሌላው ብዙም አያስኬድም። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

«መንደሩ የተሰየመው በእሳቸው ነው»

ከኖቲንግሃም ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ትሬንት ወንዝ ዳር፣ አተንቦሮ የሚባል መንደር አለ። አጠገቡ ጠጠር ሲወጣባቸው የነበሩ ጉድጓዶች ውሃ ሞልቷቸው የወፎች መጠለያ ሆነዋል። ይህን የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1966 መርቀው የከፈቱት ዴቪድ አተንቦሮ ናቸው። የጎብኚዎች ማዕከሉን በ2005 የከፈቱትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ይህን ያየ ሰው «ለክብራቸው የተሰየመ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መንደሩ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በዚሁ ስም ይታወቃል። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ስሙ የገነነው የጦር መሪ፣ የፓርላማው ጦር አዛዥ የኦሊቨር ክሮምዌል አማች ሄንሪ አይርተን፣ በ1611 የተወለደው እዚሁ መንደር ነው። ስሙ ከመንደሩ ወደ ሰዎቹ ሄደ እንጂ ከሰው ወደ መንደሩ አልመጣም። በእሳቸው ስም የተጠራ ነገር ከፈለጋችሁ ሌላ ሞልቷል፦ ፊሊፒንስ ውስጥ ነፍሳት የሚበላ ተክል አለ፣ ኒው ጊኒ ደሴት ላይ እንቁላል የሚጥል አጥቢ እንስሳ አለ፣ የብሪታንያ የዋልታ ምርምር መርከብም አለ። መርከቡን ሕዝቡ በኢንተርኔት ድምፅ ሰጥቶ የቀልድ ስም መርጦለት ነበር። ባለሥልጣናቱ ግን የሰር ዴቪድን ስም መረጡ።

«ከተማው አጠገብ የሚኖር ማለት ነው»

ይህ የተማረ ሰው ስህተት ነው። በድሮ እንግሊዝኛ «አት» ብለው የሚጀምሩ ስሞች አሉ። አትዉድ ጫካው አጠገብ የሚኖር፣ አትዌል ምንጩ አጠገብ የሚኖር ማለት ነው። ስለዚህ አተንቦሮም «ከተማው አጠገብ ያለው» መሆን አለበት ተብሎ ይገመታል። የቦታ ስም አጥኚዎች ግን የመንደሩን የጥንት አጻጻፍ አይተው ሌላ ይላሉ። አዳ የሚባል አንድ ሰው የነበረው የታጠረ ምሽግ፣ የአዳ ምሽግ፣ ነው ነገሩ። አዳ ማን እንደነበር የሚናገር ታሪክ የለም።

«የመንደር ስም የያዘ ሰው የመንደሩ ጌታ ነበር»

ይህኛው በጣም የተስፋፋ ነው። እውነት ነው፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከወረሩ በኋላ አንዳንድ ባለርስቶች በርስታቸው ስም ይጠሩ ነበር። የቤተሰብ ስም መያዝም የተጀመረው ከላይ፣ ከመኳንንቱ ነው። ወደ ተራው ሕዝብ የወረደው ቀስ እያለ ነው፤ በ1400 አካባቢ አብዛኛው እንግሊዛዊ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ስም ነበረው።

አሁን እስቲ አስቡት። አተንቦሮ ውስጥ ለሚኖር ገበሬ «የአተንቦሮው ሰው» ብሎ ስም ማውጣት ምን ይጠቅማል? ሁሉም የአተንቦሮ ሰው ነው። ስሙ የሚለጠፍብህ ከመንደርህ ስትወጣ ነው። ወደ ጎረቤት መንደር ሥራ ፍለጋ የሄደ፣ አግብቶ የሄደ፣ የእርሻ ቦታ አግኝቶ የሄደ ሰው፣ አዲሶቹ ጎረቤቶቹ በመጣበት ቦታ ይጠሩታል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱ ስም ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ስለ ባለርስት ሳይሆን ቦታውን ትቶ ስለወጣ ሰው ነው።

«ታዲያ ሰር እና ሎርድ የሚለው ማዕረግ ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። ዴቪድ የሰርነት ማዕረግ ያገኙት በ1985 ነው። ወንድማቸው ሪቻርድ፣ ተዋናይና ዳይሬክተሩ፣ ሎርድ የሆኑት በ1993 ነው። ሁለቱም በሥራቸው ያገኙት ነው። የሪቻርድ ሎርድነት ደግሞ በዕድሜ ልክ የሚሰጥ ዓይነት ነው፣ ለልጅ አይወርድም። አባታቸው ፍሬድሪክ አስተማሪ ነበሩ። የተወለዱት ከአተንቦሮ መንደር ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚርቀው ስቴፕልፎርድ ነው። ከመካከለኛው ዘመን እስከ ፍሬድሪክ፣ ያ ሁሉ ትውልድ፣ ያ ሁሉ ዘመን፣ ስሙ ከተነሣበት ቦታ ርቆ አልሄደም ማለት ይቻላል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በቱሪስት ሱቆችና በኢንተርኔት «የቤተሰባችሁ ዓርማ» እየተባለ የሚሸጥ ጋሻና አንበሳ አለ። ገንዘባችሁን ያዙ። በእንግሊዝ ሕግ ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፣ የሚወርሱትም የእሱ ዘሮች ናቸው። ለአንድ ስም ተሸካሚዎች ሁሉ የተሰጠ ዓርማ የለም።

«የለንደን ስም ነው»

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ አተንቦሮ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ዕቃ በመያዣ ተቀብለው ገንዘብ የሚያበድሩት ነጋዴዎች ነበሩ። ስማቸው በየሱቁ በር ላይ ተጽፎ ስለነበር ስሙ የዋና ከተማው መስሎ ቀረ።

ግን አንድ ስም የታየበት ቦታና የተነሣበት ቦታ ይለያያል። የስም አጥኚዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ጥሩ መሣሪያ የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ነው። መዝገቡ በበጎ ፈቃደኞች ሙሉ በሙሉ ስለተገለበጠ እያንዳንዱን ስም ካርታ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ያን ጊዜ ባቡር ከመጣ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ ብርቅ ስሞች ገና በትውልድ አካባቢያቸው ነበሩ። አተንቦሮ ካርታው ላይ የሚጠቁረው ኖቲንግሃምሻየርና ጎረቤቱ ዳርቢሻየር ላይ ነው። ለንደን ያሉት ከዚያ የሄዱ ናቸው።

«ስማቸው አንድ ከሆነ ዘመዳሞች ናቸው»

እኛን ይህ ስህተት ብዙም አይዘንም። ሁለት ሰዎች የአባታቸው ስም ከበደ ስለሆነ ብቻ ወንድማማች ናቸው የሚል የለም። የእኛ ስም በየትውልዱ ይቀየራል። ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን የአያታቸው ስም ፓስፖርት ላይ ገብቶ የቤተሰብ ስም ሆኖባቸው ሲቸገሩ አይተናል። እንግሊዞቹ ግን አንድን ስም ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ሲያወርሱ ስለኖሩ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው።

መልሱን የፈለጉት የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ወንዶች ብቻ ያላቸው የዘረመል ክፍል፣ ዋይ ክሮሞዞምም፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል። ሁለቱ አብረው ከተጓዙ ስማቸው አንድ የሆነ ወንዶች ዋይ ክሮሞዞማቸውም መመሳሰል አለበት። በ2009 ባሳተሙት ጥናት 40 ስሞችን ወስደው ከ1,600 በላይ ወንዶችን መረመሩ።

ውጤቱ እንደ ስሙ ይለያያል። ሁለት ስሚዞችን ብትወስዱ መንገድ ላይ ካገኛችኋቸው ከማንኛቸውም ሁለት ሰዎች የበለጠ አይዛመዱም። ስሚዝ አንጥረኛ ማለት ነው፣ አንጥረኛ ደግሞ በየመንደሩ ነበር። ስሙ ብርቅ እየሆነ በሄደ ቁጥር ግን ዝምድናው ይጨምራል። አተንቦሮ ላይ ሲደርሱ ከተመረመሩት ወንዶች ወደ 87 በመቶ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ዋይ ክሮሞዞም ይዘው ተገኙ። ማለትም ከአስሩ ዘጠኝ ገደማ ከአንድ አባት የወጡ ይመስላል።

የሚገርመው፣ ፍሬድሪክ አተንቦሮ እስከ 1951 ድረስ ለሃያ ዓመት ገደማ የመሩት የኮሌጅ ተቋም ነው በኋላ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ግቢው ውስጥ በስማቸው የተጠራ ረጅም ሕንፃ ቆሟል።

«የቀሩት 13 በመቶዎቹ የዲቃላ ዘር ናቸው»

ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ሐሜት ጣፋጭ ነዋ! ግን ሌላ መንገድ ብዙ አለ። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ስሙን ይወስዳል። የእንጀራ አባቱን ስም የወሰደ አለ። ያላገባች እናት የራሷን ስም ለልጇ ትሰጣለች። ርስት ለመውረስ ሲል የሚስቱን ቤተሰብ ስም የወሰደ ባል አለ። ከዚያው መንደር በሌላ ጊዜ የወጣ፣ የማይዛመድ ሌላ ሰውም በመንደሩ ስም ሊጠራ ይችላል።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደም በእርግጥ አለ። ተመራማሪዎቹ በአንድ ትውልድ ስምና ዋይ ክሮሞዞም የሚለያዩበትን መጠን ከ1 እስከ 4.5 በመቶ ይገምቱታል። ትንሽ ይመስላል። ግን 2 በመቶ ብቻ ብንል እንኳ ከ20 ትውልድ በኋላ ሲሶው ሐረጉ ተቋርጧል ማለት ነው። ስለዚህ እኔን የሚደንቀኝ 13 በመቶው መለየቱ ሳይሆን 87 በመቶው ሳይለይ መቆየቱ ነው።

የነገሥታቱ ቤትም ከዚህ አላመለጠም። በ2012 ሌስተር ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሥር የንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ አፅም ተገኘ። የዘረመል ምርመራውን የመራችው ይህችው ቱሪ ኪንግ ናት። በእናት በኩል የሚወርደው ዲኤንኤ ዛሬ ካሉ ዘመዶች ጋር ገጠመ። በአባት በኩል ግን፣ በመዝገብ የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች የሆኑት አምስት ወንዶች ዋይ ክሮሞዞም ከንጉሡ ጋር አልገጠመም። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ከአራቱም ጋር አልገጠመም። የትውልድ ሐረጋቸው በደንብ የተጻፈላቸው መኳንንት እንዲህ ከሆኑ የኖቲንግሃምሻየር ገበሬ ላይ ጣት መቀሰር አይገባም።

«ብርቅ የሆነው ቤተሰቡ ደካማ ስለነበር ነው»

አንድ ስም የሚበዛውና የሚጠፋው በአብዛኛው በዕድል ነው። ሁለት ወንድማማቾች አስቡ። አንዱ አምስት ወንዶች ወለደ፣ ሌላው አምስት ሴቶች። በእንግሊዝ ልማድ ሴቶቹ ሲያገቡ የባላቸውን ስም ይይዛሉ። የሁለተኛው ወንድም ዘር በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን እዚያው አለቀ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን የስሞችን መጥፋት በሒሳብ አስልተው ያሳዩት ይህንን ነው።

በዚያ ላይ በ1348 እና 1349 ጥቁሩ ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ከእንግሊዝ ሕዝብ ሲሶውን፣ ምናልባትም ግማሹን ፈጀ። ገና ሥር መያዝ የጀመሩ ስሞች ስንቱ እዚያው ቀርተዋል። የተረፉት የጠነከሩ አይደሉም፣ የቀናቸው ናቸው። ለአተንቦሮዎች 87 በመቶም አንዱ ምክንያት ይኸው ዕድል ነው። ሌሎቹ ሐረጎች ሲከስሙ አንዱ በዛ።

«አጻጻፉ ከተለያየ ቤተሰቡም ይለያያል»

አይለያይም። ድሮ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ቋሚ አልነበረም፤ ሼክስፒር እንኳ በእጁ የፈረማቸው ስሞች አጻጻፋቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ቄሱ ወይም ቆጣሪው እንደሰማው ይጽፋል። አተንቦሮም መጨረሻው በተለያየ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። የሁለት ወንድማማቾች የአባት ስም በፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት ሆኖ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

«ስሙ የዘሩን ታሪክ ሁሉ ይነግረናል»

አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ብንሄድ እያንዳንዳችን የ1,024 ቅድመ አያቶች ቦታ አለን። የቤተሰብ ስሙ የሚከተለው አንዷን መስመር ብቻ ነው። እናቶቹ ሁሉ፣ የእናቶቹ አባቶች ሁሉ፣ ከታሪኩ ውጭ ናቸው። በ1939 ፍሬድሪክና ሚስታቸው ከበርሊን የሸሹ ሁለት አይሁዳውያን እህትማማቾችን ቤታቸው ተቀብለው በጦርነቱ ዘመን ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ጋር አሳድገዋል። ይህ የቤተሰቡ ታሪክ ነው፣ በስምም በዋይ ክሮሞዞምም ግን አይገኝም።

«መዝገቡን ተከትሎ እስከ 1066 መድረስ ይቻላል»

ለተራ ቤተሰብ አይቻልም። የእንግሊዝ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረው በ1837 ነው። ከዚያ በፊት ያለው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፣ እሱም የታዘዘው በ1538 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም በቶማስ ክሮምዌል ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያ መዝገቦች ጠፍተዋል። ከ1538 በፊት ስማቸው የሚገኘው ግብር የከፈሉ፣ መሬት የያዙ ወይም ፍርድ ቤት የቆሙ ናቸው። የትውልድ ሐረጋችሁን እስከ ኖርማኖቹ አውጥቼ በወረቀት እሰጣችኋለሁ የሚል ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ከ1538 በፊት ያለውን በምን ማስረጃ እንዳገኘው ጠይቁት።