ሺ ቸንግ ዣንግ እና የቴራኸርዝ ምስል ምርምር

ፕሮፌሰር ሺ ቸንግ ዣንግ በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል የሚገኘውን የቴራኸርዝ ሞገድ በሌዘር በማመንጨትና በመለካት የታወቁ ተመራማሪ ናቸው። በቻይና ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1986 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከ1992 ጀምሮ በኒውዮርክ ግዛት ሬንሰሌር ፖሊቴክኒክ አስተማሩ፤ በ2012 ደግሞ ወደ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው የኦፕቲክስ ኢንስቲትዩቱን መሩ።

የቴራኸርዝ ክልል ከ0.1 እስከ 10 ቴራኸርዝ ይደርሳል፤ 1 ቴራኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ንዝረት ነው። በ1 ቴራኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 0.3 ሚ.ሜ. ስለሆነ በተለመደው ሌንስ ከዚህ በጣም ያነሰ ዝርዝር መለየት አይቻልም። ወረቀት፣ ጨርቅና ፕላስቲክ ያሳልፉታል፤ ብረት ይመልሰዋል፤ ውሃ ይውጠዋል።

የቴራኸርዝ ምንጭ ሠሪዎች ብዙ ነበሩ። የዣንግ ዋናው አስተዋጽኦ ግን መለኪያው ላይ ነው ማለት ይቻላል። በ1995 ከቡድናቸው ጋር በክሪስታል ሞገዱን የሚለኩበትን ዘዴ አቀረቡ፤ በቀጣዩ ዓመት ዚንክ ቴሉራይድ የተባለውን ክሪስታል ተጠቀሙ። 100 ፌምቶሰከንድ (ከአንድ ትሪሊዮንኛ ሰከንድ አንድ አሥረኛ) ገደማ የሚቆይ የሌዘር ምት ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቴራኸርዝ ያመነጫል፣ ሌላው ከሞገዱ ጋር አብሮ በክሪስታሉ ያልፋል። የሞገዱ ኤሌክትሪካዊ መስክ የብርሃኑን ፖላራይዜሽን (የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ) በጥቂቱ ይለውጠዋል፤ ለውጡን ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሁለት ፎቶዳዮዶች በማነጻጸር ያነቡታል። የአንዱን ጨረር መንገድ የሚያረዝመው ተንቀሳቃሽ መስታወት 1 ሚ.ሜ. ሲገፋ ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ 6.7 ፒኮሰከንድ (ፒኮሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው) መዘግየት ይገኛል። እንዲህ ደረጃ በደረጃ የሞገዱ ሙሉ ቅርጽ ይሳላል።

የክሪስታሉ ውፍረት ምርጫ ብዙ ያስቸግራል። 1 ሚ.ሜ. የሆነው ጥሩ ምልክት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከ3 ቴራኸርዝ በላይ ብርሃኑና ሞገዱ እኩል ስለማይጓዙ ምልክቱ ይደክማል። ሲያሳንሱት ክልሉ ይሰፋል፣ ምልክቱ ግን ይቀንሳል። በተጨማሪ በ1 ሚ.ሜ. ክሪስታል ውስጥ የሚንጸባረቀው ሞገድ ከ21 ፒኮሰከንድ ገደማ በኋላ እንደገና ይመጣል፤ እዚያ ላይ ልኬቱን ካልቆረጡት ስፔክትረሙ (የሞገዱ ጥንካሬ በየድግግሞሹ) ሐሰተኛ ሞገዶች ይታዩበታል። የአየር እርጥበትም በ0.557፣ በ1.097፣ በ1.163 ቴራኸርዝና በሌሎችም መስመሮች ላይ ሞገዱን ስለሚውጥ መሣሪያው በሳጥን ተዘግቶ በደረቅ ናይትሮጅን ይሞላል። ይህን ችላ ያለ ሰው የእንፋሎቱን መስመር የናሙናው መለያ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

በየካቲት 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች ሞቱ። መንስኤው ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ ተገንጥሎ ክንፏን የመታ የመከላከያ ፎም ነበር። ፎም በአብዛኛው አየር በመሆኑ አልትራሳውንድ አያልፍበትም፤ ቴራኸርዝ ግን ዘልቆ ከስሩ ካለው ብረት ይመለሳል፤ ክፍተት ካለ የሚመለሰው ምት ቅርጽና ጊዜ ይለወጣል። የዣንግ ቡድን ለናሳ ይህን ፍተሻ ሠርቷል። ከፍ ባለ ድግግሞሽ የፎሙ ሕዋሳት ሞገዱን ስለሚበትኑት ለወፍራም ፎም ከ1 ቴራኸርዝ በታች ያለው ክልል ይመረጣል።

የክሪስታሉን ገደብ ለማለፍ ቡድኑ በ2006 አየሩን ራሱን መለኪያ አደረገው። በ2017 ደግሞ ከ0.2 ሚ.ሜ. በታች ውፍረት ባለው የሚፈስ ውሃ ላይ ሌዘር አተኩሮ ሰፊ ክልል ያለው ቴራኸርዝ አመነጨ። ውሃ ሞገዱን በብርቱ ስለሚውጥ ከዚያ በፊት ምንጭ ይሆናል ተብሎ አይታሰብም ነበር፤ ያስቻለውም የውሃው ንጣፍ እጅግ ስስ መሆኑ ነው።