በአዳማ የምህንድስና ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ለመማር የገባ ተማሪ ሲቪል፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል ወይም ሌላ የትምህርት ክፍል ከመመደቡ በፊት ሁሉም በጋራ የሚማሯቸውን መሠረታዊ ኮርሶች ይወስዳል። ተማሪዎች በተለምዶ «ፍሬሽማን» የሚሉት ይህ ጊዜ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሙያው መሻገሪያ ነው፤ ብዙዎች በቶሎ አልፈውት ወደ «ዋናው» ትምህርት ለመግባት ቢጓጉም፣ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ዋናው እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለተወሰኑ ዓመታት የቴክኒክ መምህራንን ሲያሠለጥን ቆይቶ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት በተጀመረበት ወቅት በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ የነበረው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶ ወርዶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግን የፍሬሽማን መርሐ ግብር በመላው አገሪቱ እንደገና ተጀመረ።

በመርሐ ግብሩ ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እንዲሁም የአካል ብቃት ይገኛሉ። ለምህንድስና ተማሪ የሚከብዱት ግን ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ፣ የምህንድስና ንድፍና መካኒክስ ናቸው። የሒሳቡ ክፍል በሆነው በካልኩለስ ተማሪው ስለ ሊሚት፣ ስለ ዴሪቬቲቭና ስለ ኢንቴግራል ይማራል። እዚህ ላይ የሚታየው ትልቁ እንቅፋት አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ትምህርት ሳይሆን ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል የቀረ ክፍተት ነው፤ ዴሪቬቲቩን በትክክል ያወጣ ተማሪ ክፍልፋይ ሲያቃልል ወይም የትሪጎኖሜትሪ ቀመር ሲያስታውስ ይሳሳታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የድሮ ደብተሩን ገልጦ አልጀብራውን የሚከልስ ተማሪ ጊዜውን አላባከነም።

ከሁሉ ይልቅ የመሐንዲስን አስተሳሰብ የሚያስተምረው ስታቲክስ ነው። ይህ የመካኒክስ ክፍል በእረፍት ላይ ባሉ አካላት ላይ የሚያርፉ ኃይሎችን ያጠናል፤ መሣሪያውም «ፍሪ ቦዲ ዲያግራም» የሚባለው ሥዕል ነው። ተማሪው አንድን አካል ከአካባቢው ለይቶ ይስልና የነካውንና የሳበውን ነገር ሁሉ በቀስት ያመለክታል። ለምሳሌ ከአንድ ሆቴል ግድግዳ ወደ መንገዱ የወጣ አግዳሚ ብረት ጫፉ ላይ 200 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) የሚመዝን የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሸክሟል እንበል። የብረቱ ሌላኛው ጫፍ በማጠፊያ ከግድግዳው ጋር ተያይዟል፤ ሰሌዳው ካለበት ጫፍ ደግሞ ከአግድሙ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ወደ ግድግዳው የሚሄድ ገመድ ይዞታል። የብረቱን ክብደት ብንተወው፣ በገመዱ ላይ ያለው ውጥረት ስንት ነው? ብዙ ጀማሪዎች ሳያሰሉ 200 ኒውተን ይላሉ። በማጠፊያው ዙሪያ ያለው ሞመንት፣ ማለትም ኃይሉ በርቀት ተባዝቶ የሚገኘው የማዞር አቅም፣ ሲሰላ ግን ውጥረቱ 400 ኒውተን፣ ብረቱ ግድግዳውን የሚገፋበት አግድም ኃይል ደግሞ 346 ኒውተን ገደማ ሆኖ ይገኛል። ገመዱ ወደ 60 ዲግሪ ቢነሣ ውጥረቱ ወደ 231 ኒውተን ይወርዳል። ሰሌዳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዘኑ ብቻ ነው። ይህን በራሱ እጅ ስሎና አስልቶ ያገኘ ተማሪ ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ የተሰቀለ ነገር ሲያይ ዓይኑ ገመዱን ይፈልጋል። ቀመሩን በሽምደዳ የያዘው ግን ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ይቸገራል። የዚህን ሥዕል ልማድ በመጀመሪያው ዓመት ከመያዝ የሚበልጥ ትርፍ ያለ አይመስለኝም።

አዳማ ለዚህ ትምህርት ምሳሌ አያጥራትም። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቆመዋል። ነፋሱ በሽክርክሪቱ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በማማው ቁመት ሲባዛ መሠረቱ ሊቋቋመው የሚገባውን የመገልበጥ ሞመንት ይሰጣል፤ ይህም ከሆቴሉ ሰሌዳ ጋር አንድ ዓይነት ሒሳብ ነው። የቆቃ ግድብም ሩቅ አይደለም።

በምህንድስና ንድፍ ተማሪው አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አይቶ በሦስት ሥዕሎች ማሳየትን ይለማመዳል። በቲ-ስኩዌር (የቲ ቅርጽ ባለው ማስመሪያ) እና በሦስት ማዕዘን ማስመሪያዎች፣ በጠንካራና በለስላሳ እርሳስ፣ 420 በ297 ሚሊሜትር በሆነው ኤ3 ወረቀት ላይ ይሠራል፤ የሚታየው ጠርዝ በወፍራም መስመር፣ የተደበቀው በቁርጥራጭ መስመር ይሳላል። ኮምፒውተር ይህን ሁሉ በቅጽበት በሚሠራበት ዘመን በእጅ መሳል ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ዕቃውን በአእምሮው አዙሮ ማየት ያልለመደ ሰው አውቶካድ የተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ቢሰጠውም የሚስለውን አያውቅም። ፕሮግራሚንግም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ከቋንቋው ሕግ ይልቅ ችግሩን በቅደም ተከተል መተንተን ይከብዳል።

የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ሐሳቡ ገብቶት መልሱን መጻፍ የሚያቅተው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ማታ በዶርም ወይም በላይብረሪ የሚሰባሰቡ የጥናት ቡድኖች ጥያቄውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አስረድተው መልሱን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ይህ መንገድ የድክመት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ሐሳቡን በራሱ ቋንቋ ለጓደኛው ማስረዳት የቻለ ተማሪ በእርግጥ ገብቶታል።

የትምህርት ክፍል ምደባ የሚከናወነው በተማሪው ምርጫና በውጤቱ ነው፤ ተፈላጊ ክፍሎች ውስን ቦታ ስላላቸው ከፍ ያለ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ያለው ይቀድማል። ከዚህም የተነሣ የመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተና ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ በትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው ልጅ፣ እንደ እርሱ አንደኛ ሆነው በመጡ ልጆች መካከል ተቀምጦ የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ውጤት የሚያየው ያኔ ነው። በዚያ ሳምንት የፈተና ወረቀቱን ጥሎ ከመሄድ ይልቅ ይዞ ወደ መምህሩ ቢሮ የሚሄድ ተማሪ፣ ነጥቡ የጎደለው ካለማወቅ ይሁን በሥዕሉ ላይ አንድ ቀስት ከመርሳት ለይቶ ይመለሳል።