ከኮርኒሱ በላይ ምን አለ? ስለ ጨርቅ ዥዋዥዌ አሰቃቀል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጨርቅ ዥዋዥዌ ከሰርከስ ወጥቶ ሳሎን ገብቷል። አንዱ ለአየር ላይ ዮጋ ይፈልገዋል። ሌላዋ ትርኢት አይታ መለማመድ አምሯታል። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ማረጋጊያ ብለው የሚገዙ ወላጆችም አሉ፣ በተለይ ውጭ አገር የሚኖሩ። ዕቃው ኦንላይን ይታዘዛል። ከነመንጠቆው ተጠቅልሎ ይመጣል። ቀጥሎ የሚጠራው ድሪል ያለው ጎረቤት ነው።

ስለ ጨርቁ ቀለምና ልስላሴ ብዙ ይወራል። ስለሚሰቀልበት ነገር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ የምፈራው ጨርቁን ሳይሆን ከላይ ያለውን ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ክብደቴ 60 ኪሎ ነው፣ 150 ኪሎ የሚችል ይበቃኛል»

ይህ ሂሳብ የሚሠራው ዝም ብሎ ለተንጠለጠለ የጤፍ ጆንያ ነው። ሰው ይወዛወዛል፣ ይገለበጣል፣ ይወርዳል፣ ድንገት ይቆማል። ጉልበቱ የሚመጣው ከእንቅስቃሴው ነው።

ቀላሉን እንይ። ዥዋዥዌው ከቀጥታ መስመሩ 60 ዲግሪ ያህል ወጥቶ ሲመለስ፣ ታች ላይ ስታልፉ የሚሸከመው የክብደታችሁን 2 እጥፍ ነው። ገመዱ አግድም እስኪሆን ድረስ ከወጣችሁ 3 እጥፍ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ምንም መውደቅ የሌለበት፣ ልጆች የሚጫወቱት ዓይነት መወዛወዝ ነው።

አሁን ደግሞ ጨርቁን ወገባችሁ ላይ ጠቅልላችሁ 1 ሜትር ወደቃችሁ እንበል። ጨርቁ ተለጠጠና በ25 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አቆማችሁ። በዚያች ቅጽበት የሚያርፈው አማካይ ጉልበት የክብደታችሁ 5 እጥፍ ነው። 60 ኪሎ የነበረው 300 ኪሎ ሆነ። ከፍተኛው ደግሞ ከአማካዩ ይበልጣል። የሚያቆመው ነገር ባልተለጠጠ ቁጥር ምቱ ይብሳል። ለዚህ ነው ከላይ በብረት ሰንሰለት ማርዘም የሚመስለውን ያህል ብልህነት ያልሆነው።

ሰው የሚሰቀልበትን ዕቃ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ 10 ለ 1 የሚሉት ልማድ አላቸው። ዕቃው የሚሰበርበት ጭነት ከሥራ ጭነቱ፣ ማለትም ሲሠራበት ከሚያርፍበት ትልቁ ጭነት፣ 10 እጥፍ መሆን አለበት ማለት ነው። ካራቢነር (የሚከፈት በር ያለው የብረት ማያያዣ) ላይ 22 ኪሎ ኒውተን የሚል ተቀርጾ ታያላችሁ። ወደ ኪሎ ሲመነዘር 2,240 ገደማ ነው። ሻጩ «2 ቶን ይሸከማል፣ መኪና ብትሰቅልበት ግድ የለውም» ይላችኋል። ቁጥሩ ግን የመሰበሪያው ድንበር ነው እንጂ የሥራ ጭነቱ አይደለም። በ10 ስትካፈል 220 ኪሎ አካባቢ ትቀራለች። ከላይ ያየነውን 300 ኪሎ አስታውሱና አስቡት። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ባለሙያዎች ለአንድ ሰው የሚሰቀልበት ነጥብ ቢያንስ 2,000 ፓውንድ፣ ማለትም 900 ኪሎ ገደማ እንዲችል የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

«ተንጠልጥዬ ሞክሬዋለሁ፣ ምንም አልሆነም»

ሞክራችሁ የያዘው ያንን ቀን፣ ያንን ጭነት ነው። ብሎን በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ሲነቃነቅ፣ እንጨት ሲሰነጠቅ፣ ሲሚንቶው ሲፈረፈር አይጮኽም። ሦስት ጓደኛ አንድ ላይ አንጠልጥሎ መሞከርም እንደዚያው ነው። ካልወደቀ ማረጋገጫ አይሆንም። ከወደቀ ደግሞ ሦስት ሰው ይጎዳል። ባለሙያ ሲሞክር በሚለካ መሣሪያ ነው፣ ከሥሩ ማንም ሳይቆም።

«ጣሪያው ኮንክሪት ነው፣ ምን ይሆናል?»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

በመጀመሪያ የምታዩት ጣሪያ ላይሆን ይችላል። ቺፕውድ ወይም ጂፕሰም ኮርኒስ ከሆነ ራሱን ከመሸከም በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ከላይ ያለውን ሳያዩ መብሳት ዓይንን ጨፍኖ መንገድ መሻገር ነው።

ሶሌታው ቢታይም ሁሉም ሶሌታ አንድ አይደለም። እኛ አገር ብዙ ሕንፃ የሚሠራው በሪብና በብሎኬት ነው። ጠባብ የኮንክሪት ሪቦች ይደረደራሉ፣ መሃላቸው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ይሞላል፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል። ብዙ ኮንዶሚኒየሞች አስቀድሞ በተመረተ ቢምና ባዶ ብሎኬት ነው የተሠሩት። ከታች ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ሁሉም አንድ ይመስላል። ድሪሉ ብሎኬቱ ላይ ካረፈ ስሷን ግድግዳ በስቶ ባዶው ውስጥ ይገባል። ፊሸር ተጨምሮ መንጠቆ ሲጠመዘዝ ጥብቅ ያለ ይመስላል። የያዘው ግን አንዲት ስስ የብሎኬት ቅርፊት ናት።

ሙሉ ኮንክሪት ቢሆንስ? ሶሌታ ሲጫን ወደ ታች ይጎብጣል። ስለዚህ መሃሉ ላይ የታችኛው ፊቱ ይሳባል። ኮንክሪት መጨፍለቅን እንጂ መሳብን አይችልም፣ ለዚያ ነው ከታች ፌሮ የሚገባበት። እኛ ደግሞ ብሎኑን የምንተክለው ልክ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ በሚወጣበት በዚያ የታች ፊት ላይ ነው። ላልተሰነጠቀ ኮንክሪት የተሠራ ብሎን ሁሉ ለተሰነጠቀ ኮንክሪት አይሆንም፤ በዚህ የተፈተኑ ለብቻቸው አሉ። ከጠርዝ ያለው ርቀት፣ የቀዳዳው ጥልቀት፣ ቀዳዳው ከአቧራ መጽዳቱ፣ ሁሉም ውጤቱን ይለውጣሉ። ቀዳዳውን ሳያጸዱ በኬሚካል ማጣበቅ ምን ያህል እንደተለመደ ሳስብ ይገርመኛል።

የሚሻለው ምንድን ነው? ቢም ካለ ወደ ቢሙ መሄድ። የሚቻል ከሆነ ቢሙን ጠምጥሞ በሚይዝ ማሰሪያ፣ ካልሆነ ጭነቱን ለብዙ ብሎኖች በሚያከፋፍል የብረት ፕሌት። በአንድ ብሎን ላይ ሕይወትን ማንጠልጠል አይበጅም። ፌሮው የት እንደሚያልፍ ለማወቅ የሕንፃውን የስትራክቸር ሥዕል ጠይቁና ኢንጂነር ያሳያችሁ። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ ከጨርቁ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይብለጥ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ቤታችሁ የእንጨት ሊሆን ይችላል። ወለሉን የተሸከመው ወፍራም አግዳሚ ጣውላ በባለሙያ ታይቶ ሊያገለግል ይችላል። ከላይኛው ፎቅ ጣሪያ ሥር ያለው ግን ብዙ ጊዜ በፋብሪካ የተገጣጠመ ትረስ፣ ማለትም በሦስት ማዕዘን ከተያያዙ እንጨቶች የተሠራ የጣሪያ አጥንት ነው። የትረሱ የታች እንጨት የተሰላው ኮርኒስ እንዲይዝ እንጂ ሰው እንዲወዛወዝበት አይደለም። አንዱን እንጨት መብሳት የመላውን ትረስ ሚዛን ሊያበላሽ ይችላል። በእኛ አገር የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ባሕር ዛፍና ሞራሌም እንደዚሁ፤ የተገጠመው ቆርቆሮና ነፋስ እንዲችል ነው።

«ካራቢነር ካራቢነር ነው»

ቁልፍ መያዣ ሆኖ የሚሸጠውም ካራቢነር ይባላል። ያንን ተዉት። ስለ እውነተኛው ነው የማወራው።

ካራቢነር ጠንካራ የሚሆነው በቁመቱ ሲሳብ ነው። በጎኑ ሲሳብ ወይም በሩ ክፍት ሆኖ ሲሳብ አቅሙ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያንሳል። እነዚህ ቁጥሮች ጎን ለጎን ዕቃው ላይ ተቀርጸዋል፣ ሰው ግን የሚያነበው ትልቁን ብቻ ነው። በሦስት አቅጣጫ መሳብም አለ። የጨርቁን ሁለት ጫፎች በአንድ ካራቢነር ይዛችሁ ወደ ጎን ሰፋ አድርጋችሁ ስትከፍቷቸው የሚሆነው ይህ ነው።

ይህ የወረቀት ስጋት አይደለም። ሚያዝያ 26 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ግንቦት 4 ቀን 2014፣ አሜሪካ ሮድ አይላንድ ፕሮቪደንስ ከተማ የሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ ትርኢት እያሳየ ነበር። ስምንት ሴቶች በጸጉራቸው ተንጠልጥለው በአየር ላይ ሲሠሩ ሁሉንም የያዘው አንድ ካራቢነር ተሰበረና ወደቁ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርምሮ የደረሰበት ነገር፣ ካራቢነሩ ከላይ በአንድ፣ ከታች በሁለት ነጥብ በድምሩ በሦስት አቅጣጫ መጫኑን ነው። የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅደው ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። ባለሙያዎች በሞሉበት ትልቅ ሰርከስ እንዲህ ከሆነ፣ ሳሎናችን ውስጥ ቆም ብሎ ማየቱ አይከፋም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሁለት ጫፍ ወደ አንድ ነጥብ የሚመጣ ከሆነ ለዚያ የተሠራ ክብ ቀለበት ወይም በተለያየ አቅጣጫ መሳብን የሚችል ማያያዣ ግዙ። በራሱ የሚቆለፍ በር ያለው ካራቢነር በእጅ ከሚጠመዘዘው ይሻላል፤ በንዝረት የሚፈታ ጥምዝ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። ዕቃው ላይ ያለው የጥራት ማኅተም ሊኮረጅም ስለሚችል ታዋቂ አምራች የሠራውን፣ ከታመነ ሻጭ ግዙ።

«ሁለት ቦታ ማሰር ሁልጊዜ ከአንድ ይሻላል»

ሁለቱ ነጥቦች ከላይ በጨርቁ ስፋት ልክ ሆነው ጨርቁ ቀጥ ብሎ ከወረደ ልክ ነው። እያንዳንዱ ግማሹን ይሸከማል። ችግሩ የሚመጣው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ወጥረን መሃሉ ላይ ስንሰቅል ነው። በሁለቱ ገመዶች መካከል ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ጎን ሙሉ ክብደታችሁን ይሸከማል። 150 ዲግሪ ሲሆን 2 እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ገመዱን ወጠር አድርጋችሁ 170 ዲግሪ ስታደርሱት እያንዳንዱ ጎን ከ5 እጥፍ ተኩል በላይ ይሳባል። የሚሳበውም ወደ ጎን ነው፣ ብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ወደ ጎን ለመሳብ አልተሠራም። ቀለበት ያለው ብሎንም በጎን ሲሳብ አቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

«የበር ፍሬም ላይ የሚገጠም ብረት አለኝ»

እሱ ለፑልአፕ፣ ማለትም በእጅ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ ለመሳብ ነው። ቀጥ ወደ ታች መሳብን ይችል ይሆናል፣ መወዛወዝን ግን አይደለም። ዛፍም ያው ነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ይገነጠላል። የሚነቀል የብረት ማቆሚያ ከሆነ አምራቹ የጻፈውን አንብቡ፤ ለዮጋ የተፈቀደ ሁሉ ለመወዛወዝ አልተፈቀደም፣ እግሩ ተነስቶ አብሯችሁ ሊወድቅ ይችላል።

«ስዊቭል ለመሽከርከር ለሚፈልግ ብቻ ነው»

አይደለም። ስዊቭል በጨርቁና በማሰሪያው መካከል የሚገባ ተሽከርካሪ ማያያዣ ነው። ባትሽከረከሩም ጨርቁ ይዞራል። ስዊቭል ከሌለ ያ መዞር ወደ ላይ ይሄድና ጥምዝ ያለውን ነገር ቀስ በቀስ ይፈታል።

«ከታች ፍራሽ አለ»

ፍራሽ ይኑር፣ ወፍራም ይሁን። ግን ከተንጠለጠለ ሰው ጋር የብረቱ ዕቃ ሁሉ አብሮ ይወርዳል፣ በጭንቅላት የወደቀንም አንገት ፍራሽ አያድነውም። ለጀማሪ ትልቁ ጥበቃ ዝቅ ብሎ መሥራት ነው። ልጅ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይሁን፤ አገልግሎቱ ሲያበቃ ጨርቁን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ተንጠልጥሎ ካደረ አንገት ሊጠመጠምበት ይችላል።

«አንዴ በደንብ ከተሰቀለ አለቀ»

ጨርቅና ስፌት ያረጃሉ። ላብ፣ ፀሐይና መፋተግ ይበሏቸዋል። ፔትዝል የተባለው የፈረንሳይ የተራራ መውጫ ዕቃ አምራች ለጨርቅና ለፕላስቲክ ዕቃዎቹ ከተመረቱ ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ እንዳያገለግሉ ይላል፤ አዘውትሮ የሚሠራበት ግን ከዚያ በፊት ይጥለዋል። ብረቱን በጣታችሁ ዳስሱ። የሰለለ፣ የተቦረቦረ ወይም ሹል ጠርዝ ያወጣ ካለ ከሥራ ውጪ አድርጉት፣ «ለጊዜው» ብላችሁ ለሌላ ሰው አትስጡት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ ቀዳዳና የሳሳ ቦታ ፈልጉ፣ በተለይ ቀለበቱ የሚያርፍበትን።

ወደ ላይም ተመልከቱ። ብሎኑ አጠገብ ልስኑ ከተሰነጠቀ፣ ፕሌቱ ከጣሪያው ትንሽ ክፍተት ካሳየ፣ ወይም ጠዋት ወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት ካገኛችሁ የዚያን ቀን አትውጡበት። ጨርቁን አውርዳችሁ ኢንጂነሩን ጥሩት።